ያልደረሰ ሰብል ስለ መግዛት

ከንግድ ሥራ ሁሉ የሚከብደው ገና ያልደረሰውን ነገር ዛሬ ገምቶ መግዛት ነው። በመጋዘን የተከመረውን ጆንያ አስፈትቶ፣ እጅን ሰዶ፣ ዘግኖ አይቶ መግዛት ልምድ ላለው ሰው ሁሉ የተቻለ ነው። ገና በዛፉ ላይ አበባ የሆነውን ቡና፣ ገና በማሳው ላይ የቆመውን ሰሊጥ፣ ገና ከፋብሪካው ያልወጣውን ጨርቅ አስቀድሞ መግዛት ግን ከዐይን ይልቅ ማስተዋልን፣ ከገንዘብም ይልቅ ትዕግሥትን ይጠይቃል። በዚህ ዐይነቱ ግዢ የከበሩ አሉ፤ በዚሁ ግዢ ሱቃቸውን የዘጉም አሉ። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ለዕድል ብቻ የሚሰጡ ነጋዴዎች ጥቂቶች አይደሉም። እኔ ግን ልዩነቱ የሚመጣው ከገበያው ቀን አስቀድሞ ከሚሠራው ሥራ ነው፤ ይኸውም ሰው ልኮ ከማስመርመር፣ የተመረመረውን ከመጻፍና በተጻፈው ከመጽናት ነው ብዬ አምናለሁ። ለዚህም ማስረጃ የሚሆነኝን ምሳሌ ከቡና ገበያ ሳይሆን ከሩቅ አገር፣ ለብዙዎቻችን እንግዳ ከሆነ ጨዋታ አመጣለሁና አንባቢ አይደነቅ።

የበረዶ ሆኪ በሰሜን አሜሪካና በሰሜን አውሮጳ እጅግ የሚወደድ ጨዋታ ነው። ተጫዋቾቹ ከጫማቸው ሥር የብረት ስለት አድርገው በጠነከረ በረዶ ላይ እየተንሸራተቱ፣ ከጎማ የተሠራችን ጠፍጣፋ ክብ ነገር በረጅም ዱላ እየመቱ ከግብ ለማስገባት ይታገላሉ። ከሁሉ የላቀው ማኅበራቸው ናሽናል ሆኪ ሊግ የሚባለው ሲሆን፣ 25 ቡድኖች በአሜሪካ፣ 7 ቡድኖች በካናዳ፣ በድምሩ 32 የሚሆኑ ቡድኖች አሉት። እያንዳንዱም ቡድን ባለቤት፣ ሥራ አስኪያጅ፣ የሒሳብ መዝገብና ዕዳ ያለው የንግድ ድርጅት ነው። እነዚህ ድርጅቶች በየዓመቱ በሰኔ ወር ገደማ ወጣት ተጫዋቾችን በተራ የሚመርጡበት ገበያ አላቸው። እነርሱ ድራፍት ይሉታል፤ በከተማችን ግን ይህ ቃል በብርጭቆ የሚቀዳውን ቢራ ስለሚያስታውስ፣ እንዳያሳስት ስል ምርጫ እለዋለሁ። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር መሆናቸውንም አስቀድሜ ላስታውቅ።

ምርጫው የተጀመረው በ1963 በካናዳ ከተማ በሞንትሪያል ነው። በዚያን ጊዜ ሊጉ ስድስት ቡድኖች ብቻ ነበሩት፤ የተመረጡትም ወጣቶች 21 ብቻ ነበሩ። ከዚያ አስቀድሞ ሀብታሞቹ ቡድኖች የወጣቶችን ክለቦች በገንዘብ እየረዱ ልጆቹን ገና በለጋነታቸው ለራሳቸው ያስሩ ስለ ነበር፣ ደካማው ቡድን እንደ ደከመ ይቀር ነበር። ከጊዜ በኋላም ባለፈው ዓመት ዝቅ ብሎ የጨረሰው ቡድን አስቀድሞ እንዲመርጥ ተፈቀደ። ኋላ ግን የመጀመሪያውን ተራ ለማግኘት ሲል ሆን ብሎ የሚሸነፍ ቡድን እንዳይኖር፣ ከ1995 ጀምሮ የፊተኞቹ ተራዎች በዕጣ እንዲወሰኑ ተደረገ። በዕጣውም ቢሆን የደከመው ቡድን የሚያገኘው ዕድል ከሌሎቹ የሰፋ ነው። ዛሬ ምርጫው ሰባት ዙር ስላለው በጠቅላላው 224 ያህል ወጣቶች ይመረጣሉ። አብዛኞቹ የ18 ዓመት ልጆች ናቸው። ቡድኑ የሚያገኘው ከልጁ ጋር ውል የመዋዋል ብቸኛ መብት ሲሆን፣ ልጁ ለዋናው ቡድን የሚበቃው ብዙውን ጊዜ ከሁለት፣ ከሦስት ወይም ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። ብዙዎቹም ከቶ አይበቁም። እንግዲህ ይህ ያልደረሰ ሰብል መግዛት ካልሆነ ሌላ ምን ሊባል ይችላል?

የምርጫው ቀን በቴሌቪዥን ሲታይ እንደ ሠርግ ያለ ነገር ይመስላል። የልጁ ስም ይጠራል፤ እናትና አባት ያለቅሳሉ፤ ልጁም የቡድኑን መለያ ይለብሳል። ይህ ሁሉ የሚፈጸመው በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ነው። ዝግጅቱ ግን ዓመት ሙሉ የፈጀ ነው። ቡድኑ መልማዮች የሚባሉ ሠራተኞች አሉት። እነዚህ ሰዎች ክረምቱን በሙሉ ከከተማ ወደ ከተማ፣ ከካናዳ የገጠር ሜዳዎች እስከ ስዊድን፣ ፊንላንድና ቼክ ሪፑብሊክ ድረስ እየተዘዋወሩ የልጆችን ጨዋታ ያያሉ። አንዱን ልጅ አንድ ጊዜ አይቶ መፍረድ የተናቀ ነው፤ በድል ቀንና በሽንፈት ቀን፣ በገዛ ሜዳውና በእንግድነት፣ በመስከረምና በመጋቢት ደጋግመው ያዩታል። ከየጨዋታው በኋላም ስለ አሯሯጡ፣ ስለ እጁ ቅልጥፍና፣ ስለ አስተሳሰቡ፣ ከጓደኞቹም ጋር ስላለው ጠባይ ጽፈው ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ይልካሉ።

ሊጉ ደግሞ በ1975 ያቋቋመው የመልማዮች ቢሮ አለው። ይህ ቢሮ በሰሜን አሜሪካ የሚጫወቱትንና በውጭ አገር የሚጫወቱትን ወጣቶች ለይቶ፣ በረኞችንም ለብቻ አድርጎ፣ በየደረጃቸው ዘርዝሮ ለሁሉም ቡድኖች ያስታውቃል። ምርጫው ሊደርስ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት የታወቁት ወጣቶች በአንድ ከተማ ይሰበሰባሉ፤ ከ2015 ወዲህ ይህ የሚደረገው በቡፋሎ ነው። በዚያም የጉልበት፣ የዝላይና የትንፋሽ ፈተና ይሰጣቸዋል፤ በየቡድኑ ሹማምንት ፊት እየቀረቡም ይጠየቃሉ። ከዚህ በኋላ የየቡድኑ መልማዮች በር ዘግተው ይቀመጣሉ። ቀናት የሚፈጅ ክርክር ይደረጋል፤ አንዱ ያመሰገነውን ሌላው ይነቅፋል። በመጨረሻም የቡድኑ የራሱ ዝርዝር ከአንደኛው እስከ መጨረሻው በተራ ይጻፋል። በምርጫው ቀን የሚቀረው ከዚያ ዝርዝር ላይ የተወሰዱትን እየሰረዙ፣ ቀጥሎ ያለውን መጥራት ነው።

ይህን ሁሉ ከአንድ ቡድን ታሪክ ጋር አያይዘን ብናየው ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። በአሜሪካ የመኪና ፋብሪካዎች ከተማ በዲትሮይት ሬድ ዊንግስ የሚባል ጥንታዊ ቡድን አለ። በ1955 የሊጉን ታላቅ ሽልማት የስታንሊን ዋንጫ ካገኘ በኋላ እየደከመ ሄዶ፣ በ1982 ማይክ ኢሊች ለሚባል ነጋዴ በ8 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ይህ ሰው የስደተኞች ልጅ ሲሆን፣ በ1959 ከባለቤቱ ጋር በአንዲት የፒዛ ሱቅ ጀምሮ ሊትል ሲዘርስ የተባለውን ታላቅ የምግብ ድርጅት ያቆመ ባለሱቅ ነበር። ቡድኑን እንደ ገዛ ለሥራ አስኪያጅነት የቀጠረው በኒውዮርክ አይላንደርስ ቡድን ውስጥ በመልማይነት ስሙን ያስጠራውን ጂም ዴቬላኖን ነው። አንድ የፒዛ ነጋዴ የመጀመሪያ ሹመቱን ለዕቃ መርማሪ መስጠቱን ልብ ይሏል።

በ1983 ምርጫ ዲትሮይት አራተኛው ተራ ደረሰው። አሳዳጊ ከተማው እዚያው ሚሺገን የሆነውን ፓት ላፎንቴንን ለመውሰድ ተስፋ አድርገው ነበር፤ ሕዝቡም የሚፈልገው እርሱን ነበር። ነገር ግን አይላንደርስ በሦስተኛው ተራ ቀድመው ወሰዱት። ያልተዘጋጀ ገዢ እንዲህ ባለ ጊዜ ግራ ይጋባል፤ የሚፈልገው ዕቃ ከእጁ ሲያመልጥ ያገኘውን አፍሶ ይሄዳል። የዲትሮይት ዝርዝር ግን ቀጥሎ ያለውን ስም ያሳይ ነበርና ስቲቭ አይዘርማን የሚባለውን ልጅ ጠሩ። ይህ ልጅ በ1986 የቡድኑ አምበል ሆኖ እስከ 2006 ድረስ በዚያው ማዕርግ ኖረ። ሦስት ጊዜ የስታንሊን ዋንጫ ከፍ አድርጎ ያነሣውም እርሱ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የመጣው የ1989 ምርጫ ደግሞ ዛሬ ድረስ በሆኪ ዓለም ይወሳል። በሦስተኛው ዙር 53ኛ ሆኖ የተጠራው ስዊድናዊው ኒክላስ ሊድስትሮም ነበር። በአራተኛው ዙር 74ኛ ሆኖ ሰርጌይ ፌዶሮቭ ተጠራ። በአሥራ አንደኛውም ዙር 221ኛ ሆኖ ቭላዲሚር ኮንስታንቲኖቭ ተመረጠ። የኋለኞቹ ሁለቱ የሶቪየት ኅብረት ተጫዋቾች ነበሩ። በዚያን ዘመን አገራቸው ይልቀቃቸው አይልቀቃቸው የታወቀ ነገር አልነበረም። ብዙዎቹ ቡድኖች ከወደብ ላይወጣ የሚችልን ጭነት ማን ይገዛል በማለት ወደ ኋላ ሲሉ፣ ዲትሮይት ዋጋውን ከአደጋው ጋር አመዛዝኖ ገዛ። ፌዶሮቭ በ1990 ቡድኑ ወደ አሜሪካ በመጣ ጊዜ ተለይቶ ቀረ፤ በ1994ም የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ተብሎ ተሸለመ። ሊድስትሮም 20 የጨዋታ ዘመናት በዚያው ቡድን አሳልፎ የዓመቱ ምርጥ ተከላካይ የሚል ሽልማት ሰባት ጊዜ አገኘ። በ1997 ዲትሮይት ከ42 ዓመት በኋላ ዋንጫውን ሲያነሣ ሦስቱም በሜዳው ላይ ነበሩ። ኢሊች ቡድኑን ከገዛ እስከዚያች ቀን ድረስ 15 ዓመት አልፎ ነበር። በወር ሒሳብ ብቻ የሚኖር ነጋዴ ይህን ያህል ሊጠብቅ እንደማይችል ግልጽ ነው።

በአውሮጳ የቡድኑ ዐይን ሆኖ ያገለገለው ሰው ሆካን አንደርሶን የሚባል ስዊድናዊ መልማይ ነው። ይህ ሰው በሩሲያ ሌላ ወጣት ለማየት ሄዶ ሳለ፣ ከተቃራኒው ወገን የሚጫወት አንድ ቀጭን አጭር ልጅ ዐይኑን ሳበው። ልጁ ፓቬል ዳትሱክ ይባላል። ቀደም ባሉት ዓመታት ለምርጫ የሚበቃ ሆኖ ሳለ ማንም አልመረጠውም ነበር። አንደርሶን የጻፈው ማስታወቂያ ታምኖ በ1998 ዲትሮይት ልጁን በ171ኛ ተራ ወሰደው። በሚከተለው ዓመት ደግሞ ከስዊድን ሄንሪክ ዜተርበርግን በ210ኛ ተራ መረጡ። ቡድኑ በ2008 ዋንጫውን ሲወስድ የዚያ ውድድር ምርጥ ተጫዋች የተባለው ይኸው 210ኛው ልጅ ነበር። ዳትሱክም ከ2008 እስከ 2010 ሦስት ጊዜ ተከታትሎ በመከላከል ብቃቱ የላቀ አጥቂ ተብሎ ተሸልሟል።

እዚህ ላይ አንድ ብልኅ አንባቢ ሊጠይቅ የሚችለውን አውቃለሁ። ዲትሮይት የዳትሱክን ዋጋ በእርግጥ ቢያውቅ ኖሮ እስከ 171ኛው ተራ ድረስ ይጠብቅ ነበርን? ሌላው ቢወስድበትስ? ይህ የዕድል ሥራ እንጂ የማስተዋል ሥራ ነውን? ጥያቄው ተገቢ ነው። እውነት ነው፤ ማንም ይህ ልጅ ይህን ያህል ታላቅ ይሆናል ብሎ አልማለም። ነገር ግን ዋጋ የሚባለው ነገር ሁለት ወገን አለው። ገዢ የዕቃውን ጠባይ ብቻ ሳይሆን ተወዳዳሪዎቹ ስለዚያ ዕቃ የሚያውቁትንም ይመዝናል። በዚያ ሩቅ ከተማ ያለውን ልጅ ብዙ ሰው እንዳላየው የሚያውቅ፣ በፊተኛው ዙር ሁሉም የሚያውቀውን ይገዛና ያልታወቀውን ለኋላ ያቆያል። በዚህ ውስጥ ዕድል የለም አልልም። ዕድሉ የመጣው ግን የአውሮፕላን ቲኬት ቆርጦ በብርድ ወደ ቆመው ሰው ነው። በቤቱ የተቀመጠው ገዢ በዚያ ዓመት በሩሲያ ምንም ዕድል አልነበረውም።

ከዚህ በተቃራኒ የሄደውንም መመልከት ያስፈልጋል። በ1993 የኦታዋ ቡድን የመጀመሪያውን ተራ አግኝቶ አሌክሳንደር ዴግል የሚባለውን ወጣት መረጠ። ጋዜጣው፣ ሕዝቡና ዝርዝሩ ሁሉ ከእርሱ የሚበልጥ የለም ይሉ ነበርና ለአምስት ዓመት 12.25 ሚሊዮን ዶላር የሚያስገኝ ውል ተሰጠው። ልጁ መጥፎ ተጫዋች አልነበረም፤ ከ600 በላይ ጨዋታዎች ተጫውቷል። ይሁን እንጂ የተከፈለበትን ዋጋ ከቶ አላወጣም። በዚያው ምርጫ ሁለተኛ የተጠራው ክሪስ ፕሮንገርና አራተኛ የተጠራው ፖል ካሪያ ሁለቱም ኋላ በሆኪ የክብር መዝገብ ገብተዋል። የዴግል ውል ያስከተለው ወሬ እጅግ ከመክበዱ የተነሣ በ1995 ለአዲስ ተጫዋቾች ደመወዝ ወሰን ተደረገ። ገበያው ሁሉ በአንድ ድምፅ የሚያመሰግነው ዕቃ ዋጋው አስቀድሞ ተንሯልና በእርሱ ማትረፍ ይከብዳል። የሰው ሁሉ ምስጋና ለገዢው የራሱን ምርመራ አይተካለትም።

ወረቀት ከዕቃው እንደሚለይ የሚያሳይ አስቂኝ ታሪክም አለ። በ1974 ሊጉ ከሌላ ተቀናቃኝ ሊግ ጋር ይሻማ ስለ ነበር ምርጫው በምስጢር በስልክ ይካሄድ ነበር። የቡፋሎ ቡድን ሥራ አስኪያጅ ፓንች ኢምላክ በረጅሙ የስልክ ጥሪ ተሰላችቶ፣ በአሥራ አንደኛው ዙር 183ኛ ተራ ላይ ታሮ ትሱጂሞቶ የሚባል የጃፓን ተጫዋች መርጫለሁ ብሎ አስመዘገበ። ክለቡም ቶኪዮ ካታናስ ነው አለ። ሊጉ መዘገበው። ይህ ሰው ግን በዓለም ላይ ያልነበረ፣ በቀልድ የተፈጠረ ስም ነበር! ኋላ ምርጫው ተሰረዘ። ስሙን፣ ክለቡንና አገሩን አሟልቶ የተጻፈ ሰነድ ሁሉ ከኋላው ዕቃ አለው ብሎ የሚያምን አስመጪ ካለ፣ ይህን የታሮን ነገር በጠረጴዛው ላይ ጽፎ ቢያስቀምጠው አይጎዳም።

የዲትሮይትን ታሪክ ሳወሳ የወደቀበትንም ደብቄ ማለፍ አልፈልግም። ቡድኑ ከ1991 እስከ 2016 ለ25 ተከታታይ ዓመታት ወደ ማጣሪያው ውድድር ሲገባ ኖረ። ከዚያ በኋላ ግን እስከ 2025 ድረስ አንድም ጊዜ አልገባም። ምክንያቱ ብዙ ቢሆንም ከሁሉ የሚጎላው ለነጋዴ እንግዳ ያልሆነው ነው። ዲትሮይት ብቻውን ያውቀው የነበረውን መንገድ ሌሎቹም አወቁት፤ ሁሉም ቡድን በስዊድንና በሩሲያ መልማይ አቆመ። ከ2005 ጀምሮ ደግሞ እያንዳንዱ ቡድን ለተጫዋቾቹ የሚከፍለው ጠቅላላ ደመወዝ በወሰን ስለ ተገደበ፣ በአነስተኛ ደመወዝ የሚያገለግል ወጣት ለሁሉም ውድ ሆነ። በ171ኛ ተራ ተደብቆ የሚቆይ ዕንቁ ማግኘት እጅግ አስቸጋሪ ሆነ። አንድ ላኪ ብቻውን ያገኘው የውጭ ገዢ በሁለተኛው ዓመት የሁሉም ገዢ እንደሚሆን እኛም እናውቀዋለን። ስለዚህ የቀድሞው ምርመራ የዘላለም ትርፍ አይሰጥም፤ በየዓመቱ እንደገና መጀመር ያስፈልጋል።

ቡድኑም እንደገና ጀመረ። ያ በ1983 በአራተኛ ተራ የተመረጠው አይዘርማን በ2019 ሥራ አስኪያጅ ሆኖ ተመለሰ። በዚያው ዓመት በስድስተኛው ተራ ሞሪትዝ ሳይደር የሚባል ጀርመናዊ ወጣት ሲጠራ አዳራሹ ተገረመ፤ ልጁ ራሱ መደንገጡ በፊቱ ይታይ ነበር። ብዙዎቹ ዝርዝሮች ከዚያ ዝቅ አድርገው ያስቀምጡት ነበርና። የዲትሮይት ዝርዝር ግን የራሱ ነበር። ሳይደር በ2022 የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ተብሎ ተሸለመ። በ2020 ደግሞ ቡድኑ ከ71 ጨዋታ 17ቱን ብቻ አሸንፎ ከሁሉ በታች ስለ ጨረሰ፣ የመጀመሪያውን ተራ በዕጣ ለማግኘት ከሁሉ የሰፋው ዕድል፣ ይኸውም ከመቶ 18.5፣ የእርሱ ነበር። ዕጣው ሲወጣ ግን ወደ አራተኛ ተራ ተገፋ። ደጋፊዎቹ አዘኑ። ቡድኑ ግን ለአራተኛውም ተራ ተዘጋጅቶ ነበርና ሉካስ ሬይመንድ የሚባለውን ስዊድናዊ መረጠ፤ ይህም ወጣት ከቡድኑ ዋና ዋና አጥቂዎች አንዱ ለመሆን በቅቷል። ዕጣ የሚሰጠው ተራ ነው፤ በተራው ማንን መጥራት እንደሚገባ የሚያውቅ ዝርዝር ግን ከዕጣ አይገኝም።

ምሳሌው የማይሄድበትም ወሰን አለ። ሰው ጆንያ አይደለም። ቡና ወደ የትኛውም ወደብ ቢጭኑት አይከራከርም፤ የ18 ዓመት ወጣት ግን የገዛ ፈቃድ አለው። በ1991 የኩቤክ ቡድን በመጀመሪያው ተራ የመረጠው ኤሪክ ሊንድሮስ ለእናንተ አልጫወትም ብሎ እምቢ አለ። በሚከተለው ዓመት ኩቤክ መብቱን ለፊላደልፊያ ሰጥቶ በምትኩ አያሌ ተጫዋቾችና 15 ሚሊዮን ዶላር ተቀበለ። ስለ ልጁ ጉልበት የሚጽፍ መልማይ ስለ ልጁ ፈቃድም እንዲጽፍ የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው። እኛም አቅራቢያችንን፣ ገበሬውንና የመጋዘን ሠራተኛውን ስንገምት ፈቃዱን ካልጠየቅን ግምታችን ጎዶሎ ይሆናል።

አሁን ደግሞ ወደ እኛው ቤት እንመለስ። በጸሐፊነት በኖርኩባቸው ዓመታት ያየሁት ነገር አለ። የንግድ ቤት ገንዘብ ሲያጥረው መጀመሪያ የሚቀነሰው የመንገድ አበል ነው። ዕቃ ለመመርመር ወደ አምራቹ አገር የሚሄደው ሠራተኛ እንዲቀር ይደረጋል፤ ስልክ ካለ ለምን ይደከማል ይባላል። ስሙን ለመጥቀስ የማልፈልገው አንድ የንግድ ቤት እንዲህ አድርጎ ሰሊጥ በስልክ ገዛ። ጭነቱ በደረሰ ጊዜ ከአፈርና ከገለባ ጋር የተደባለቀ ሆኖ ተገኘ፤ በማበጠሪያውና በዋጋ ቅናሹ የጠፋው ገንዘብ የዚያን ሠራተኛ የብዙ ዓመት አበል የሚሸፍን ነበር። በሒሳብ መዝገቡ ላይ ግን አበሉ በወጪ ዐምድ ተጽፎ ሁሉም ያየዋል፤ ሠራተኛው ባለመሄዱ የመጣው ኪሳራ ግን በስሙ የተጻፈበት ዐምድ የለም። ስሕተቱ የሚደጋገመውም ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል።

ዛሬ ፎቶግራፍና ተንቀሳቃሽ ሥዕል በስልክ በቅጽበት ስለሚደርስ ሰው መላክ ቀርቷል የሚሉ አሉ። የሆኪ ቡድኖችም ቢሆኑ ጨዋታውን ሁሉ በሥዕል ያያሉ፤ ቁጥሩንም በኮምፒዩተር ይተነትናሉ። ይህ መልካም ረዳት ነው። ይሁን እንጂ መልማዮቻቸውን ከመንገድ አላስቀሩም። ካሜራው የሚከተለው ጎማዋን ነው፤ ከጨዋታው ወጥቶ በወንበር የተቀመጠው ልጅ ጓደኛው ሲሳሳት ምን እንደሚያደርግ፣ አሠልጣኙ ሲቈጣው እንዴት እንደሚቀበል አያሳይም። የቡናም ፎቶግራፍ ጠረኑን አያሳይም። አበጥሮ የሚልክልን ሰው ያበጠረውን ብቻ እንደሚያሳየን መዘንጋት አይገባም።

ስለዚህ ለሥራ ባልደረቦቼ ለአስመጪዎች፣ ለላኪዎችና ለባለሱቆች የሚከተለውን በትሕትና አሳስባለሁ። አንደኛ፣ ገንዘብ ባጠረ ጊዜ ከሁሉ በፊት የመርማሪውን አበል መቀነስ ይቅር፤ ለሱቁ ጌጥና ለግብዣው የሚወጣው አስቀድሞ ይታይ። ሁለተኛ፣ ለምርመራ የተላከ ሰው ሁሉ ያየውን ቀን ጽፎ፣ ፈርሞ ያቅርብ፤ በአፍ የተነገረ ግምት በሦስተኛው ወር የማንም አይሆንም። ሦስተኛ፣ የገበያው ቀን ሳይደርስ የሚፈለገው ዕቃ በተራ፣ ከፍተኛውም ዋጋ በቁጥር ይጻፍ፤ አንደኛው ቢያመልጥ ሁለተኛው ማን እንደ ሆነ አስቀድሞ ይታወቅ። በጨረታ ግርግር መካከል የሚወለድ አሳብ ብዙውን ጊዜ የተፎካካሪ እንጂ የራስ አሳብ አይደለም። አራተኛ፣ ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ የቀድሞው ዝርዝር ወጥቶ ይመርመር፤ ማን በትክክል እንደ ገመተ፣ ማን እንደ ሳተ ይታይ። ይህን የማያደርግ ቤት ከመርማሪዎቹ መካከል አንደርሶን የትኛው እንደ ሆነ ከቶ ሊያውቅ አይችልም።

ይህን ለማድረግ ታላቅ ካፒታል አያስፈልግም። በመርካቶ አንዲት ክፍል ሱቅ ያለው ሰው ደብተርና እርሳስ ካለው ዛሬ ማታ ሊጀምረው ይችላል። አስቀድሞ መጥኖ መደቆስ እንጂ ድስት ጥዶ ማልቀስ እንደማይጠቅም እናቶቻችን በጓዳቸው ሲያስተምሩን ኖረዋል። የሚመጣው የመኸር ምርት በቅርቡ ወደ ገበያ ይወጣል፤ ገዢዎችም በዚያች ቀን ሁሉ በአንድ አዳራሽ ተሰብስበው በአንድ ዋጋ ይሻማሉ። ከመካከላቸው ዝርዝሩን በኪሱ ይዞ የሚገባው ጥቂቱ ነው። አንባቢዎቻችን ከእነዚያ ጥቂቶች ይሆኑ ዘንድ እመኛለሁ።